የሰፈር መንገድና የአሥራ ዘጠኝ ሴኮንድ ዋጋ

ለመጀመሪያ ዓመት የፊዚክስ ተማሪዎች በየዓመቱ ከምንሰጣቸው መልመጃዎች አንዱ የፍሬን መልመጃ ነው። ጥያቄው እንዲህ የሚል ነው፦ አንድ መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ ሳለ 14 ሜትር ከፊት ለፊቱ ብስክሌት የሚነዳ ልጅ ከአንድ ቤት በር ድንገት ብቅ ይላል፤ አሽከርካሪው ልጁን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ ድረስ አንድ ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ መኪናው ልጁ ዘንድ ሲደርስ ፍጥነቱ ስንት ነው? ተማሪዎቻችን ቀመሩን ያስታውሳሉ፤ ቁጥሩን ይተካሉ፤ መልሱንም ያገኙታል። መልሱ 50 ነው። መኪናው በዚያች አንድ ሴኮንድ ውስጥ 13.9 ሜትር ስለሚጓዝ ፍሬኑ ሥራውን ሳይጀምር ልጁ ዘንድ ደርሷል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ፍጥነቱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢሆንስ?» የሚል ነው። በዚህ ፍጥነት መኪናው በአንድ ሴኮንድ 8.3 ሜትር ይጓዛል። በደረቅ አስፋልት ላይ ደህና ፍሬን ያለው መኪና ፍጥነቱን በየሴኮንዱ 7 ሜትር በሴኮንድ ይቀንሳል ብንል፣ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም 5 ሜትር ይበቃዋል። ድምሩ 13.3 ሜትር ነው። መኪናው ልጁ ዘንድ ለመድረስ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲቀረው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ልጁ ይደነግጣል፤ አሽከርካሪው ይቆጣል፤ ሁለቱም በሰላም ወደየቤታቸው ይገባሉ።

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ፣ ተማሪዎቻችን መልመጃውን ሠርተው ደብተራቸውን ዘግተው ሲወጡ የሚጠብቃቸው መንገድ ያው የመልመጃው መንገድ መሆኑ ነው። ባሕር ዳር ሜዳማ ከተማ ናት፤ ብስክሌት በዚህች ከተማ የተማሪውም፣ የሠራተኛውም፣ የነጋዴውም መጓጓዣ ሆኖ የኖረ ነው። ነገር ግን አንዲት እናት «ልጄ ትምህርት ቤት በብስክሌት ይሂድ ወይስ አይሂድ?» ብላ ስታመነታ የምትፈራው ርቀቱን ወይም ዳገቱን ሳይሆን ከበሯ ፊት ለፊት የሚያልፈውን ተሽከርካሪ ነው። በመሆኑም በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምሞክረው ሐሳብ አንድ ነው፤ ለብስክሌት የምትመች ከተማ የምትጀምረው ከሰፈር ውስጥ መንገድ ነው፤ ይህም የሚሆነው በመንገዱ ላይ የሚኖረው ፍጥነት ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንዳያልፍ የመንገዱ ቅርጽ ራሱ ሲያስገድድ ነው።

ስሌቱ ምን ይላል?

የአንድ ተንቀሳቃሽ አካል ካይነቲክ ኢነርጂ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ በራሱ ሲባዛ ከሚገኘው ቁጥር ጋር እንጂ። ስለዚህ ከ30 ወደ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት መጨመር በመሪው ፊት ለተቀመጠ ሰው ጥቂት ቢመስልም የግጭቱ ኢነርጂ ግን 2.8 እጥፍ ይሆናል። ይህን በሌላ መንገድ ለመመልከት ያህል፣ በ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት መገጨት ከ3.5 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም ከአንደኛ ፎቅ እንደ መውደቅ ነው። በ50 መገጨት ግን ከ9.8 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም ከሦስተኛ ፎቅ መውደቅ ነው። ልጁን ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ያለ መከለያ የሚያጫውት ወላጅ የለም፤ በመንገድ ላይ ግን ይህንኑ በየቀኑ እናደርገዋለን።

በአሜሪካ የአውቶሞቢል ማኅበር የትራፊክ ደኅንነት ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ጥናት በመኪና የተገጨ እግረኛ የመሞት ዕድሉ በ37 ኪሎ ሜትር በሰዓት 10 በመቶ፣ በ51 ኪሎ ሜትር 25 በመቶ፣ በ68 ኪሎ ሜትር ደግሞ 50 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። እነዚህ አኃዞች የተገኙት አምቡላንስ በደቂቃዎች ውስጥ ከሚደርስበት አገር መሆኑን ልብ ይሏል።

የብስክሌተኛው ጉዳይ ደግሞ የራሱ የሆነ ስሌት አለው። ብስክሌተኛ በአማካይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ይጓዛል እንበል። ከኋላው በ50 የሚመጣ መኪና በ35 ኪሎ ሜትር የፍጥነት ልዩነት ይደርስበታል፤ በ30 የሚመጣው ግን በ15 ብቻ። ልዩነቱ ከግማሽ በታች ሲወርድ ከዚያ ልዩነት የሚመነጨው ኢነርጂ ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ሌላም ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በሰዓት 100 መኪና በአንድ አቅጣጫ በሚያልፍበት መንገድ ላይ አንድ ሰዓት ብስክሌት የሚነዳ ሰው፣ መኪኖቹ በ50 ቢጓዙ 70 መኪና ይቀድመዋል፤ በ30 ቢጓዙ 50፤ በ20 ቢጓዙ ደግሞ 25 ብቻ። የመኪናው ቁጥር ሳይቀነስ ፍጥነቱ ብቻ ሲቀነስ፣ ብስክሌተኛው ጀርባውን የሚያሳክከው ስጋትም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ከዚህ ስጋት መላቀቅ የሚያስገኘው ጥቅም ቀላል አይደለም። ብስክሌተኛ በእግረኛ ጉልበት ሦስት እጥፍ ያህል ርቀት ይጓዛል። በ20 ደቂቃ ውስጥ የሚደረስበት ርቀት ሦስት እጥፍ ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚዳረሰው የከተማ ስፋት ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ለአንድ ተማሪ ይህ ማለት ዘጠኝ እጥፍ የሚሰፋ የትምህርት ቤት፣ የቤተ መጻሕፍት፣ የሥራና የወዳጅ ምርጫ ነው፤ ለዚያውም ያለ ነዳጅ።

የሌሎች ልምድ

ዛሬ ኔዘርላንድ በብስክሌት ስሟ ሲጠራ አገሩ ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ እንደ ነበረ የሚመስለን ብዙዎች ነን። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መኪና የኔዘርላንድን ከተሞች አጥለቅልቆ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ በመንገድ አደጋ ከሞቱት ከ3,000 በላይ ሰዎች መካከል ከ400 የሚበልጡት ሕፃናት ነበሩ። በዚህ ጊዜ ልጁን በመኪና አደጋ ያጣው ጋዜጠኛ ቪክ ላንገንሆፍ እ.ኤ.አ. በ1972 «የሕፃናት ግድያ ይቁም» የሚል ጽሑፍ አወጣ። የጽሑፉ ርእስ የንቅናቄ ስም ሆነ፤ ወላጆችም ከነልጆቻቸው አደባባይ ወጡ።

ቀደም ሲል በ1960ዎቹ መጨረሻ በዴልፍት ከተማ ነዋሪዎችና መሐንዲሶች የሰፈር መንገዶችን እንደ ቤት ግቢ አድርገው መሥራት ጀምረው ነበር። ቀጥ ያለውን መንገድ በዛፍና በመቀመጫ አጣመሙት፤ የእግረኛውንና የመኪናውን ወለል አንድ አደረጉት፤ መኪና በሰው እርምጃ ያህል ብቻ እንዲያልፍ ሆነ። ይህ «ወነርፍ» የተባለ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1976 በሕግ ታወቀ። በቀጣዩ ዓመት የግሮኒንገን ከተማ የመሐል ክፍሏን በአራት ከፍላ መኪና ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው በቀጥታ እንዳይሻገር አገደች፤ ብስክሌት ግን እንደ ልቡ ይሻገራል። ዛሬ በኔዘርላንድ የመኖሪያ ሰፈር ውስጥ የሚዘዋወር እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የተለየ የብስክሌት መስመር አያገኝም። መንገዱ ሁሉ የብስክሌት መንገድ ስለሆነ የተለየ መስመር አያስፈልገውም።

የለንደን ተሞክሮም የሚጠቀስ ነው። በዚያች ከተማ በሰዓት 20 ማይል፣ ማለትም 32 ኪሎ ሜትር የሆኑና በጉብታና በመሳሰሉት የታገዙ ዞኖች ያስገኙት ውጤት እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 2006 ባለው መረጃ ተመርምሮ፣ በመንገዶቹ ላይ የሚጎዱ ሰዎች ቁጥር በ42 በመቶ ገደማ እንደ ቀነሰ በ2009 በብሪታኒያ የሕክምና መጽሔት ታትሟል። አደጋው ወደ አጎራባች መንገዶች እንደ ተሸጋገረ የሚያሳይ ምልክትም አልተገኘም። በቅርቡ ደግሞ ከግማሽ በላይ መንገዶቿ በ30 ኪሎ ሜትር የተወሰኑባት ሄልሲንኪ እስከ ሐምሌ 2025 ድረስ በነበሩት 12 ወራት ውስጥ በትራፊክ አደጋ አንድም ሰው አልሞተባትም።

ፍጥነት የሚወስደው ሕይወት ብቻ አይደለም። ዶናልድ አፕልያርድ የተባለ የከተማ ፕላን ምሁር በሳን ፍራንሲስኮ ሦስት ተመሳሳይ መንገዶችን አጥንቶ፣ በቀን 2,000 ያህል መኪና በሚያልፍበት መንገድ የሚኖር ሰው በመንገዱ ላይ በአማካይ ሦስት ወዳጆች ሲኖሩት፣ 16,000 ያህል በሚያልፍበት መንገድ የሚኖረው ግን አንድ እንኳ የማይሞላ (0.9) ወዳጅ እንዳለው ደርሶበታል። ጎረቤት ከመንገድ ማዶ «ቡና ደርሷል፤ ኑ!» ብሎ በሚጣራበት አገር ለምንኖር ለእኛ የዚህ አኃዝ ትርጉም ማብራሪያ አያሻውም። አፕልያርድ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1982 በአቴንስ ከተማ በፍጥነት ይበር በነበረ መኪና ተገጭቶ ሕይወቱ አልፏል።

ሳናውቀው ያጣነው ፍሬን

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። የሰፈራችን መንገድ አፈር በነበረበት ዘመን በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ፣ ዓመቱን ሙሉ ደግሞ ጉድጓድ ነበረው። ማንም አሽከርካሪ በዚያ መንገድ ላይ 50 ሊነዳ አይችልም ነበር። ጭቃውና ጉድጓዱ፣ ሳናስበውና ሳንፈልገው፣ የሰፈሩ ፍሬን ነበሩ። በኋላ ነዋሪው ገንዘብ አዋጥቶ፣ ወጣቱ ድንጋይ ጠርቦ ኮብልስቶን ተነጠፈ፤ በአንዳንድ ሰፈሮችም አስፋልት ደረሰ። ይህ ሊያኮራን የሚገባ ሥራ ነው። ሆኖም መንገዱን ባሳመርን ቀን የቀድሞውን ፍሬን ነቅለን መጣላችንንና በምትኩ ሌላ አለመትከላችንን ያስተዋልን ጥቂቶች ነን። አስፋልቱ ሲደርቅ ፍጥነት መጣ፤ ልጆችም ከመንገዱ ወደ ግቢ ተሰበሰቡ።

ነዋሪው ግን ይህን ለመረዳት የፊዚክስ ትምህርት አላስፈለገውም። በየሰፈሩ መንገድ አቋርጦ የተደረደረ ድንጋይ፣ በግማሽ የተቀበረ ጎማ፣ ወፍራም ገመድ፣ በስሚንቶ የተሠራ ቀጭን ጉብታ የምናየው ለዚህ ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ አሠራሩ ግን ይጎድለዋል። አጭርና ሹል የሆነ ጉብታ በዝግታ የሚያልፈውን ብስክሌት ያነጥረዋል፤ ማታ የማያየውን ይጥለዋል፤ በፍጥነት ለሚያልፈው መኪና ግን ድንጋጤውን ሞላው ይቀበልለታል። በሌላ አነጋገር የሚቀጣው ያላጠፋውን ነው።

የብሪታኒያ የትራንስፖርትና የመንገድ ምርምር ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ያቀረበው ጉብታ ለዚህ መልስ ነበር። ርዝመቱ 3.7 ሜትር፣ ከፍታው ደግሞ ከ7.5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ነው። ተሽከርካሪው በዚህ ረጅም ጉብታ ላይ ሲወጣና ሲወርድ በተሳፋሪው ላይ የሚደርሰው የሽቅብና የቁልቁል መናወጥ እንደ ኢነርጂው ሁሉ ፍጥነቱ በራሱ ሲባዛ እንደሚያድገው ያድጋል። በ15 የሚያልፍ ብስክሌተኛ አይሰማውም፤ በ25 የሚያልፍ መኪና ይሰማዋል፤ በ50 የሚያልፍ አሽከርካሪ ግን ሁለተኛ አይሞክረውም። ቅጣቱ ለጥፋቱ የተመጠነ ነው ማለት ነው።

ሌሎች ዘዴዎችም አሉ። አንዱ የመታጠፊያ ማዕዘን ነው። ሰው በምቾት ሊታጠፍ የሚችልበት ፍጥነት በማዕዘኑ ራዲየስ ይወሰናል፤ ራዲየሱ 15 ሜትር በሆነበት ቦታ መኪና በ24 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ ሲታጠፍ፣ ራዲየሱ 5 ሜትር ሲሆን ወደ 14 ይወርዳል። ጥቂት የጠርዝ ድንጋይ ማንቀሳቀስ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል። ሌላው መኪና ሰፈሩን እንደ አቋራጭ እንዳይጠቀምበት የሚያግድ ምሰሶ ነው። የባጃጅ ስፋት 1.3 ሜትር ያህል በመሆኑ በምሰሶዎች መካከል አንድ ሜትር ክፍተት ቢተው ብስክሌት፣ እግረኛና የአካል ጉዳተኛ ተሽከርካሪ ወንበር ያልፋሉ፤ መኪናና ባጃጅ ግን ሌላ መግቢያ ይፈልጋሉ። በጉብታ ዳርና ዳር የሚተው ጠባብ ክፍተትም ለብስክሌተኛው ማለፊያ፣ ለክረምቱ ጎርፍ ደግሞ መውረጃ ይሆናል። ዝናባችን እንዲህ በሚበረታበት አገር ይህን የዘነጋ ጉብታ በመጀመሪያው ሐምሌ ኩሬ መሥራቱ አይቀርም።

ሰሌዳስ አይበቃም ወይ? ለብቻው ብዙም አይበቃም። በእንግሊዝ ያለ ጉብታ በሰሌዳ ብቻ በተወሰኑ የ20 ማይል መንገዶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነ ጥናት አማካይ ፍጥነቱ የቀነሰው በአንድ ማይል በሰዓት ገደማ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ዌልስ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 እንዳደረገችው ሕጉ አገር አቀፍ ሲሆንና ቁጥጥር ሲታከልበት የተሻለ ለውጥ ይገኛል። ነገር ግን በየሰፈሩ ትራፊክ ፖሊስ ማቆም ለማንችል ለእኛ፣ ሌሊትም ቀንም ሥራ ላይ የሚውለው ፖሊስ የመንገዱ ቅርጽ ነው።

ለሚነሡት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የጊዜ ነው። እስቲ እናስላው። ከቤት እስከ ዋናው መንገድ 400 ሜትር ነው ብንል፣ በ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት 29 ሴኮንድ ይፈጃል፤ በ30 ደግሞ 48 ሴኮንድ። ልዩነቱ 19 ሴኮንድ ነው። ይህም መኪናው ከበር ጀምሮ ያለ ማቋረጥ በ50 ተጉዟል ብለን ነው፤ እውነተኛው ልዩነት ከዚህ ያንሳል። ስለ ዋና ዋና ጎዳናዎች አልተናገርኩም፤ እነርሱ የራሳቸው ሥራ አላቸው፤ ለእነርሱ የተለየ የብስክሌት መስመር ተገቢ ነው። እዚህ የምንነጋገረው ስለ እነዚያ 400 ሜትሮች ብቻ ነው።

ሁለተኛው የአምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና ጉዳይ ነው። ይህ ተገቢ ስጋት በመሆኑ መልሱ ከዕቅዱ ጋር አብሮ መታሰብ አለበት። ወደ ጤና ተቋማት የሚወስዱ መንገዶች ያለ ጉብታ ይቆዩ፤ ምሰሶዎቹም በቁልፍ የሚነቀሉ ይሁኑ። ሦስተኛው የባጃጅ አሽከርካሪዎች እንጀራ ነው። ባጃጅ በሰፈር ውስጥ ሰው ለመጫንና ለማውረድ በየጥቂት ሜትሩ ስለሚቆም አማካይ ፍጥነቱ ዱሮም ዝቅተኛ ነው፤ የሚያጣው በሁለት ማቆሚያዎች መካከል የሚደረገውን ሩጫ ብቻ ነው። ያም ሆኖ ምሰሶ የሚተከልበትን ቦታ ለመምረጥ ከአሽከርካሪዎቹ ጋር መመካከር ያስፈልጋል፤ ያልተመከረበት ምሰሶ በሳምንቱ ተነቅሎ ይገኛልና።

በአገር አቀፍ ደረጃም መነሻ የሚሆን መሠረት አለን። የትራንስፖርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2020 ለአሥር ዓመት የሚያገለግል የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ይፋ አድርጓል። ከ2024 ወዲህም በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት በተሠራባቸው ጎዳናዎች ዳር የብስክሌት መስመሮች ተዘርግተዋል። የሚያስመሰግን ጅምር ነው። ይሁን እንጂ ልጅ ብስክሌት የሚማረው በኮሪደር ላይ አይደለም። ጉዞውም ከኮሪደር አይጀምርም። ከደጃፉ እስከ መስመሩ ያለው መንገድ ካስፈራው፣ ያማረው መስመር ባዶውን ይቀራል።

ከቤታችን እንጀምር

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም 1.19 ሚሊዮን ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል፤ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ለሆኑት ቀዳሚው የሞት ምክንያትም ይኸው ነው። ይህ የዕድሜ ክልል ብስክሌት የሚማርበትና በብስክሌት ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድበት ዕድሜ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ የተባለውን በቃሌ ብቻ እንዳትቀበሉ፣ ይልቁንም በገዛ ሰፈራችሁ እንድትፈትኑት አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በደጃችሁ ባለው መንገድ ዳር 50 ሜትር ለክታችሁ መነሻና መድረሻውን በኖራ አመልክቱ። የሞባይል ስልካችሁን ሰዓት ይዛችሁ ዳር ላይ ቁሙና እያንዳንዱ ተሽከርካሪ ርቀቱን በስንት ሴኮንድ እንደሚጨርሰው መዝግቡ። ስድስት ሴኮንድ ከፈጀበት ፍጥነቱ በትክክል 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ሦስት ሴኮንድ ከግማሽ ገደማ ከፈጀበት 50 ደርሷል። የመቶ ተሽከርካሪ መዝገብ ይዞ ወደ ቀበሌ ወይም ወደ ከተማ አስተዳደር የሚሄድ የሰፈር ኮሚቴ፣ «ይነዳሉ፤ ፈጁን» ብሎ ከሚሄድ ይልቅ እንደሚደመጥ አምናለሁ። ለኮብልስቶኑ ገንዘብ ያዋጣ ሰፈር ለሁለት ጉብታና ለአራት ምሰሶ ማዋጣት አያቅተውም፤ መሐንዲስና የፊዚክስ መምህር የሚያሻው ከሆነም ዩኒቨርሲቲው ደጁ ላይ ነው።

አባቶቻችን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ። እህል ከሆነ፣ እውነት ነው፤ የፈሰሰው ይለቀማል። በሰፈር መንገድ ላይ በችኮላ የሚፈሰው ግን የሚለቀም አይደለም። የዚያ መልመጃ ሁለተኛ መልስ፣ ያ 13.3 ሜትር፣ ከደብተር ወጥቶ በየደጃፋችን እንዲሠራ የሚጠየቀው ዋጋ 19 ሴኮንድ ነው። እኔ በበኩሌ ርካሽ ነው እላለሁ።